አድሚራሉ ራስ አሉላን ሊጎበኝ ሲመጣ፦ የ1884ቱ ውልና የዛሬው የባሕር በር ድርድር

የባሕር በር ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ሁለት ቦታ ላይ ይቆማል። አንደኛው ታሪካዊ መብት አለን ወይስ የለንም የሚለው ነው። ሁለተኛው በሰላም ይሆናል ወይስ በጦርነት የሚለው። ሁለቱም ከባድ ጥያቄዎች ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከሁለቱ በኋላ የሚመጣው ነው። ስምምነት ተደረሰ እንበል። ተፈረመ፣ ተጨባበጡ፣ ፎቶ ተነሱ። ከዚያስ? ወደቡ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ቢዞር፣ ዋስ የሆነው ኃያል አገር ፊቱን ቢያዞር፣ ያ ወረቀት ስንት ጊዜ ይቆያል?

ጥያቄው ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1884 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ሌላ ካላልኩ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንድ የእንግሊዝ አድሚራል መርከቡን ምጽዋ ላይ ትቶ ወደ ደጋው ወጣ። መጀመሪያ የሄደው ወደ ንጉሠ ነገሥቱ አልነበረም። አሥመራ ላይ የተቀመጡትን የመረብ ምላሽ (ከመረብ ወንዝ ማዶ ያለው አገር) ገዢ፣ ራስ አሉላን፣ ሊጎበኝ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓድዋ ላይ ውል ተፈረመ። የውሉ የመጀመሪያ አንቀጽ ስለ ወደብ ነበር። ስምንት ወር ቆየ።

ምጽዋ ዛሬ የኤርትራ ናት። ይህን የምጽፈው የማን ናት የሚለውን ክርክር ለማራገብ አይደለም። ውሉ እንዴት ተጻፈ፣ እንዴትስ ፈረሰ የሚለውን ነው ማየት የምፈልገው።

አድሚራሉ ዊልያም ሂዌት ይባላል። በክራይሚያ ጦርነት ወጣት መኮንን ሳለ ባሳየው ጀግንነት የቪክቶሪያ መስቀልን የተሸለመ ሰው ነው። በ1884 የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ የባሕር ኃይል አዛዥ ሆኖ፣ ዩሪያለስ በምትባል መርከብ ላይ ቀይ ባሕርን ይቆጣጠር ነበር። በዚያው ዓመት ሱዋኪንንም ያስተዳደረው እሱ ነው።

አንድ የባሕር ኃይል አዛዥ ተራራ የሚያስወጣው ምን ጉዳይ ነው? መልሱ ሱዳን ነው። እንግሊዝ ከ1882 ጀምሮ ግብጽን ይዛለች። ግብጽ ደግሞ ሱዳንን ትገዛ ነበር። በ1881 መሐመድ አሕመድ ራሱን ማህዲ ብሎ አወጀና አገሩ ተነሳ። በኅዳር 1883 በእንግሊዛዊ ጄኔራል የሚመራ ትልቅ የግብጽ ጦር ኮርዶፋን ላይ አለቀ። ለንደን ሱዳንን ለቅቆ መውጣት አለብን አለች። ነገር ግን ከሰላ፣ አሚዴብ፣ ሰንሒት፣ ገላባት ላይ የግብጽ ወታደሮች ከነቤተሰቦቻቸው ተከበው ቀርተዋል። መውጫ መንገዳቸው አንድ ብቻ ነበር፤ በኢትዮጵያ በኩል ወደ ምጽዋ።

ስለዚህ እንግሊዝ ያኔ የምትፈልገው ነገር ግልጽ ነው፣ የሚቸኩልም ነው። ጉልበት ያለው ለማኝ ሆኖ ነው ሂዌት የመጣው። ይህን ማወቅ ለድርድሩ ትልቅ ነገር ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም አውቀውታል።

ጓዙ ውስጥ የነበሩትን ሰዎች አስተውሉ። አንዱ ሜሰን ቤይ ነው፤ ግብጽን የሚያገለግል አሜሪካዊ፣ የምጽዋ ገዢ። የኸዲቩን፣ ማለትም የግብጽን ገዢ፣ ወገን ወክሎ የሚፈርመው እሱ ነበር። ሌላው ካፒቴን ስፒዲ ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ጊዜ እዚህ አገር ኖሯል፣ አማርኛ ያውቃል፣ ሰው ባሻ ፈለቀ ይለዋል። ከመቅደላ በኋላ የልዑል ዓለማየሁ ሞግዚት የነበረውም እሱ ነው። እንግሊዞች ሰው መርጠው ነው የላኩት። የአገሩን ወግ የሚያውቅ፣ ከፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያወራ።

አሥመራ ላይ የጠበቃቸው ሰው ግን በወግ ብቻ የሚታለል አልነበረም። አሉላ እንግዳ ከተምቤን ገበሬ ቤተሰብ የወጡ ሰው ናቸው። ጉንደት ላይ በ1875፣ ጉራ ላይ በ1876 ግብጾች ሲሸነፉ በጦሩ ውስጥ ነበሩ። ከጉራ በኋላ ነው ዐፄ ዮሐንስ ራስ ብለው መረብ ምላሽን የሰጧቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከባሕር የሚመጣ ሰው ሁሉ በእጃቸው ያልፋል። በ1879 እንግሊዛዊው ጎርደን የኸዲቩ መልእክተኛ ሆኖ ሲመጣ ያገኘው እሳቸውን ነው። አውሮፓዊ መልእክተኛ ምን እንደሚል፣ ምን እንደሚደብቅ፣ ከልምድ ያውቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዝለል አልፈልግም። አሉላ የሐማሴን፣ የአሥመራ ዙሪያ፣ ሰው አይደሉም። የአካባቢው ባላባት ራስ ወልደ ሚካኤል ሰሎሞን ታስረው ነው እሳቸው የተደላደሉት። በደጋው ብዙ ሰው እንደ ሹመኛ እንጂ እንደ ወገን አላያቸውም። እኛ ጀግና ብለን የምናነሳቸው ሰው ለሌላው ግብር ሰብሳቢ ነበሩ። ይህን ሳይናገሩ ስለዚያ ዘመን መጻፍ ትክክል አይመስለኝም። በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህ ጋር ይያያዛልና።

ለጉብኝቱ እንመለስ። ከምጽዋ እስከ አሥመራ ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ መውጣት ነው። መንገዱ በሰሐጢ፣ በጊንዳዕ ያልፋል። ሰሐጢ የሚለውን ስም ያዙልኝ። አድሚራሉ በባሕሩ ላይ ማንንም መጠየቅ የማያስፈልገው ሰው ነው። ከሰሐጢ በላይ ግን አሉላ ካላለፉት አያልፍም። የጉብኝቱ ትርጉም እዚህ ላይ ነው። ባሕሩን የያዘው መንገዱን ወደያዘው መጣ። አንዱ ያለ ሌላው የትም አይደርስም።

ከአሥመራ ወደ ዓድዋ ወረዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ወዲያው አልመጡም። እንግዶቹ ሳምንታት ጠበቁ። የከሰላ ሰዎች ተከበዋል፣ ለንደን ቸኩላለች፣ እነሱ ዓድዋ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ማለትም ጁን 3 ቀን 1884 ውሉ ተፈረመ።

ውሉ አጭር ነው፤ ሰባት አንቀጽ። እስቲ በደንብ እንየው።

አንቀጽ አንድ ከፊርማው ቀን ጀምሮ የጦር መሣሪያና ጥይት ጨምሮ ማንኛውም ዕቃ በምጽዋ በኩል በነፃ እንዲያልፍ ይላል፤ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር። አንቀጽ ሁለት ቦጎስ፣ ግብጽ የያዘችው የከረን አካባቢ፣ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1884 ጀምሮ ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲመለስ ይላል። የግብጽ ጦር ሲወጣ እዚያ ያሉት ሕንፃዎችና የሚቀረው ትጥቅም አብሮ ይሰጣል። አንቀጽ ሦስት የኢትዮጵያ ግዴታ ነው፤ የተከበቡትን ወታደሮች በአገሯ አሳልፋ ምጽዋ ታደርሳለች። አራተኛው ስለ ጳጳስ ነው። ኢትዮጵያ ጳጳስ የምታገኘው ከእስክንድርያ ስለነበር ኸዲቩ እንዳያደናቅፍ ቃል ገባ። አምስተኛው ወንጀለኛ ስለ መለዋወጥ። ስድስተኛው፣ በንጉሠ ነገሥቱና በኸዲቩ መካከል ጠብ ቢነሳ ለእንግሊዝ ንግሥት ይቅረብ ይላል። የመጨረሻው ስለ ማጽደቅ ነው። በዚያው ቀን የባሪያ ንግድን የሚከለክል ሌላ ውልም ተፈርሟል።

ዐፄ ዮሐንስ የፈለጉት ምጽዋን ራሷን ነበር። ሂዌት ይህን እንዳይሰጥ ታዝዞ ነው የመጣው። ስለዚህ በባለቤትነት ፋንታ ማለፊያ ሰጣቸው።

አሁን አንቀጾቹን በሌላ መንገድ እንደርድራቸው። የትኛው በማን እጅ ነው የሚፈጸመው? ቦጎስን መያዝ በኢትዮጵያ እጅ ነው። ግብጽ ትወጣለች፣ የአሉላ ጦር ይገባል፣ አለቀ። ተፈጸመም፤ ከረን ተመለሰች። ወታደሮቹን ማስወጣትም በኢትዮጵያ እጅ ነው። እሱም ከከሰላ በቀር ተፈጸመ። የምጽዋው ማለፊያ ግን በእንግሊዝ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሁሉም የሚያውቀው ያ አንቀጽ ነው የፈረሰው።

ጉድለቱ የት እንደሆነ ለማየት ውሉ ውስጥ የሌለውን መፈለግ ይበቃል። ግብጽ ከምጽዋ ብትወጣ ማን ይተካታል? ምንም አይልም። የሚተካው መንግሥት በአንቀጽ አንድ ይገደዳል ወይ? ምንም አይልም። እንግሊዝ ራሷ ጥበቃውን ብትተው ኢትዮጵያ ለማን አቤት ትላለች? ዳኛዋ ያቺው እንግሊዝ ነች። ያውም ዳኝነቱ ከኸዲቩ ጋር ለሚነሳ ጠብ ብቻ ነው። ጠባቂውም፣ ዋሱም፣ ሽማግሌውም አንድ ሰው ሆነ። በእኛ አገር አንድ ሰው ለራሱ ዋስ አይሆንም። ማንም የገጠር ሽማግሌ ይህን ያውቃል። ዓድዋ ላይ ግን እንደዚያ ሆነ።

ሌላ አማራጭ ነበር ወይ? ይህን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ዮሐንስ መርከብ አልነበራቸውም። ምጽዋ ደሴት ናት፤ የሚከላከላት መድፍ የጫነ መርከብ ያለው ነው። በጦር ቢይዟት እንኳ ማቆየት ይከብድ ነበር። ስለዚህ ማለፊያውን መቀበላቸው አያስወቅሳቸውም። ግን እንግሊዝ በጣም የምትፈልገው ነገር በእጃቸው ነበር፤ የከሰላ መንገድ። ያ ነገር አንዴ ከተሰጠ በኋላ እንግሊዝን የሚይዛት ምንም አይቀርም። ግዴታው በየደረጃው ተከፋፍሎ፣ አንዱ ጦር ሰፈር ሲወጣ አንድ ነገር በወደቡ ላይ እንዲገኝ ተደርጎ ቢጻፍ ኖሮ፣ ቢያንስ ማታለሉ ቀደም ብሎ በታወቀ ነበር።

ማታለሉ እንዲህ ሆነ። እንግሊዝ በምጽዋ ላይ ወጪ ማውጣት አልፈለገችም። ፈረንሳይ ከኦቦክ ተነስታ ወደ ታጁራ እየተስፋፋች ስለነበር ወደቡ በፈረንሳይ እጅ እንዲወድቅም አልፈለገችም። ጣሊያን ደግሞ ቅኝ ግዛት ፍለጋ ላይ ነበረች። በ1884 መጨረሻ ለንደን ለሮም ተቃውሞ የለንም አለች። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1885 የጣሊያን የጦር መርከቦች ምጽዋ ደረሱ። በኮሎኔል ሳሌታ የሚመራ ወደ 800 የሚጠጋ ወታደር ወረደ። የግብጽ ባንዲራ ለጊዜው እንደተሰቀለ ቀረ፤ ዓመቱ ሳያልቅ እሱም ወረደ።

ልቤን የሚነካው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ኢትዮጵያ ቃሏን አላጠፈችም። ጣሊያን ምጽዋን ከያዘች በኋላ እንኳ አሉላ የተከበቡትን ወታደሮች ማስወጣቱን ቀጠሉ። አሚዴብ፣ ሰንሒት፣ ገላባትና ጊራ ነፃ ወጡ። ከሰላ ብቻ ሳይደረስላት በ1885 ሐምሌ መጨረሻ ወደቀች። ያም ሆኖ እንግሊዞች እየገፋፉ አሉላ ወደ ምዕራብ ዘመቱ። ሴፕቴምበር 23 ኩፊት ላይ ከማህዲስቶቹ አዛዥ ከኡስማን ዲግና ጋር ገጠሙ። አሸነፉ። ብላታ ገብሩን የመሰሉ አለቆችና ብዙ ሰው ግን እዚያ ቀረ። ምጽዋ ለሌላ ከተሰጠች ሰባት ወር አልፎ ነበር።

በ1886 ደግሞ ሌላ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ሰው የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤና የክብር ጎራዴ ይዞ ወደ ዐፄ ዮሐንስ መጣ። ወደብ ሄደ፣ ጎራዴ መጣ።

ቀሪውን በአጭሩ ልበለው፤ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ጣሊያኖች ብዙ ሳይቆዩ የጦር መሣሪያ ማለፊያውን ዘጉ፣ ወደ ሰሐጢ ወጡ። በጥር 1887 አሉላ ዶጋሊ ላይ ከአራት መቶ በላይ የጣሊያን ወታደር ደመሰሱ። እንግሊዝ በዚያው ዓመት ጄራልድ ፖርታልን አማላጅ አድርጋ ላከች። ይዞት የመጣው ሐሳብ ሰሐጢን ለጣሊያን መተው የሚል ነበር። ዮሐንስ ክርስቶስ የሰጠኝን አገር ስጥ ትለኛለህን ብለው መለሱ። ማህዲስቶች ኩፊትን አልረሱም። በ1888 ጎንደርን አቃጠሉ። በመጋቢት 1889 ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ወደቁ። በወራት ውስጥ ጣሊያኖች ከረንንና አሥመራን ያዙ። ዛሬ ኤርትራ የምንለው ስም ጃንዋሪ 1 ቀን 1890 ታወጀ። ከሂዌት ጋር አብሮ የመጣው አውግስተስ ዋይልድ ራሱ በኋላ ጽፎታል፤ አገሬ ዮሐንስን እስከጠቀሟት ተጠቀመችባቸው፣ ከዚያ ለጣሊያን ጣለቻቸው ብሎ።

ታዲያ ይህ ለዛሬ ምኑ ነው?

ከ1993 በኋላ አሰብን የተጠቀምነው በስምምነት ነበር። ወደቡ ክፍት ነበር፣ ዕቃው ይገባል፣ መኪናው ይመላለሳል። በግንቦት 1998 ጦርነት ሲነሳ በአንድ ጊዜ ተዘጋ። የማለፊያ መብቱ የተንጠለጠለው በሁለት መንግሥታት ወዳጅነት ላይ ስለነበር፣ ወዳጅነቱ ሲሄድ አብሮ ሄደ። በጁላይ 2018 አሥመራ ላይ የሰላም መግለጫ ተፈረመ። በመስከረም ድንበሩ ተከፈተ፣ ሰው ተላቅሶ ተገናኘ። ዓመት ሳይሞላ መሻገሪያዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። መግለጫው ስለ ትራንስፖርትና ንግድ ይናገራል። እንዴት፣ በየትኛው ቀረጥ፣ በየትኛው ኮሚቴ የሚለው ግን በዝርዝር ተጽፎ አልተከተለም።

በርበራ የተለየ ነው፤ እኔ ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝም እሱ ነው። በማርች 2018 ኢትዮጵያ በበርበራ ወደብ 19 በመቶ ድርሻ እንደምትይዝ ተስማማች። የዱባዩ የወደብ ኩባንያ ዲፒ ወርልድ 51፣ ሶማሌላንድ 30። ይህ ማለፊያ ብቻ አይደለም፤ ድርሻ ነው። እንደ ቦጎስ በእጅ የሚያዝ ነገር ነው። በ2022 የሶማሌላንድ ሚኒስትር ኢትዮጵያ የሚጠበቅባትን ስላላሟላች ድርሻውን አጣች አሉ። እንግሊዝ አልከዳችንም፣ ጣሊያን አልመጣችም። የራሳችንን ድርሻ ሳንፈጽም ቀረን።

ከዚያ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። 20 ኪሎ ሜትር የባሕር ዳርቻ፣ ለ50 ዓመት፣ ለባሕር ኃይል። ሞቃዲሾ ተቆጣች። የሶማሌላንድ መከላከያ ሚኒስትርም፣ የባሕር ዳርቻው ይሰጣል በተባለበት በአውዳል በኩል የተነሱ ሰው ናቸው፣ ተቃውመው ሥልጣን ለቀቁ። ሐማሴን ላይ ያልኩትን አስታውሱ። የአካባቢው ሰው ያልተጠየቀበት ውል ከላይ ፊርማ ቢኖረውም ከታች መሬት የለውም።

በዲሴምበር 2024 ቱርክ አንካራ ላይ የኢትዮጵያንና የሶማሊያን መሪዎች አስታረቀች። መግለጫው ኢትዮጵያ አስተማማኝና ዘላቂ የባሕር መዳረሻ እንዲኖራት ይላል፤ በሶማሊያ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር። ዝርዝሩ ለባለሙያዎች ድርድር ተተወ። የሶማሊያን ሉዓላዊነት ማክበር ትክክል ነው፣ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ግን ከ1884 የመጣው ጥያቄ አሁንም ይቀጥላል። በሞቃዲሾ ሌላ መንግሥት ቢመጣስ? የተሰጠው ቦታ ሞቃዲሾ በማትቆጣጠረው ዳርቻ ላይ ቢሆንስ? አስታራቂዋ ቱርክ ሶማሊያ ውስጥ ትልቅ የጦር ማሠልጠኛ አላት፤ የባሕር ኃይሏም በ2024 ሚያዝያ የጦር መርከብ ሞቃዲሾ አስገብታለች። ወዳጅ አገር ናት። የራሷ ጥቅም ያላት ወዳጅ አገር ናት። ጠብ ሲነሳ ዳኛዋ እሷ ከሆነች፣ አንቀጽ ስድስትን ደግመን ጻፍን ማለት ነው።

የጦር መርከብ ጉብኝቱም አልቆመም። በማርች 2024 የሩሲያ ፍሪጌት ምጽዋ ደረሰ፤ መኮንኖቹን በክብር ተቀበሏቸው። በሴፕቴምበር የግብጽ የጦር መርከብ ሞቃዲሾ ላይ የጦር መሣሪያ አራገፈ። በጅቡቲ ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ጣሊያንና ቻይና ሰፍረዋል። አብዛኛው የእኛ ዕቃ በዚያው በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው። አድሚራል ወደብ ሲጎበኝ ዜናው ሁልጊዜ ስለ ወዳጅነት ነው። በ1884ም እንደዚያ ነበር። ሂዌት ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም ውሉ የፈረሰው። እሱ የታዘዘውን ፈረመ፤ ያዘዙት ሰዎች ግን ሥራቸው ካለቀላቸው በኋላ ምንም የሚያስገድዳቸው አልነበረም።

ስለዚህ ቀጣዩ ስምምነት ሲመጣ፣ ከየትም ወገን ይምጣ፣ ደስታውንም ቁጣውንም ትንሽ አቆይተን ጽሑፉን እንድንጠይቅ እፈልጋለሁ። ወደቡን የሚይዘው ቢቀየር ተተኪው ይገደዳል ወይ? ጠብ ቢነሳ ዳኛው ከፈራሚዎቹና ከዋሶቹ ውጪ ነው ወይ? እኛ የምንሰጠው በአንድ ጊዜ ነው ወይስ የምንቀበለው በደረሰ ቁጥር? የዳርቻው ነዋሪ ተጠይቋል ወይ? ለበርበራው ድርሻ ያልተገኘው ገንዘብና ትጋት ለሚቀጥለው ተመድቧል ወይ?

እነዚህን ለመጠየቅ ሰነዱን ማየት ያስፈልጋል። ዓድዋ ላይ የተፈረሙትን ሰባት አንቀጾች ዛሬ ማንም ሰው ማንበብ ይችላል። በጃንዋሪ 2024 የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ሙሉ ቃል ግን ለሕዝብ አልወጣም። በስማችን የሚፈረመው ቀጣዩ ወረቀት ከፊርማው በፊት ለፓርላማ ቀርቦ፣ አንቀጽ በአንቀጽ ሊነበብልን ይገባል።